ቆጣሪው ወርዷል?

የተቃጠለ ሶኬት ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። የፕላስቲክ ጭስ አለበት፣ የከረመ ዓሣ የሚመስል ነገር አለበት፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ምሬትም አለበት። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ በዋለበት ቅዳሜ፣ አዲሱ ገበያ ልጄ ቤት ተቀምጬ ምስር ስለቅም ያ ሽታ ከወጥ ቤት መጣ። እጄ ትሪው ላይ ቆመ። ዕድሜዬ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሙሉ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ልጄ ምህረት በዚህ ስትስቅብኝ ትውላለች። ያንን ሽታ ግን አፍንጫዬ አልረሳውም። ሠላሳ ዓመት ወደኋላ ጎትቶ ሽሮ ሜዳ፣ ከባለቤቴ ከዘለቀ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ አቆመኝ።

ያኔ ሽሮ ሜዳ እንደ ዛሬው አልነበረም። ዛሬ መንገዱ ግራና ቀኝ መስታወት በመስታወት ሆኗል፤ ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች የሙሽራ ቀሚስ ለብሰው ይቆማሉ፤ ዋጋ ስትጠይቁ ሻጯ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ የምትጠራው ቁጥር በእኛ ጊዜ ቤት ያሠራ ነበር። ያኔ ጋቢው ገመድ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው፤ ነጠላው ደግሞ ነጋዴዋ ትከሻ ላይ። ደህና ጋቢ በመቶ ብር ይገኛል፤ ያንንም ገዢው ሦስት ጊዜ ሄዶ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያስቀንሳል። ታክሲ በስልሳ ሳንቲም ፒያሳ ያወርደናል፤ ወያላው መልስ እንዳይበላን መዳፋችንን ዘርግተን ነበር የምንጓዘው። የነጠላው ጥለት ከጣት የማይሰፋበት ጊዜ አልፎ መዳፍ የሚያህልበት ዘመን መጥቶ ነበር፤ ወርቃማና ሐምራዊ ያልለበሰች ሙሽራ እንዳላገባች ይቆጠራል። ከአስፋልቱ ወደ ላይ ስትወጡ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቦምቦሊኖ የምትጠብስ ሴትዮ ነበረች፤ ዘይቷን መቼ እንደምትቀይር ማንም አያውቅም፣ ቦምቦሊኖዋን ግን ሁሉም ይበላል። ከእሷ ቤት ጀርባ ባለው ግቢ ነበር በኪራይ የምንኖረው። ጠዋት በዚያ ሰፈር ያለፈ ሰው ከየቤቱ ሸማ ሲመታ ይሰማል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። የዘለቀን አመታት ከሁሉም ለይቼ አውቀው ነበር፤ ሁለት ፈጠን ያለ፣ አንድ ዘግየት ያለ። አሁንም ታክሲ ውስጥ ሰው በጣቱ ወንበር ሲመታ እንደዚያ ከመሰለኝ ዞር ብዬ አያለሁ።

ዘለቀ ከጋሞ ደጋ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር መጥቶ እዚያው ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው ነበር። የተዋወቅነው ጸሎት ቤት ነው። እኔ ከፊት መዘምራን መሃል ቆሜ ድምፄን እለቀዋለሁ፤ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ሰው ጠፍቶ ነው ሸማኔ?» ብላ ሁለት ወር አኮረፈችኝ። የሠርጌን ቀሚስ በእጁ ሠርቶ ሲያመጣላት ግን ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች ኩርፊያዋን ረሳችው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ሁሉ እግሩ ላይ ነው። ሸማኔ በእግሩም ነው የሚሠራው፤ መሬት ተቆፍሮ ጉድጓድ ይበጅለታል፣ አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድና መርገጫውን በባዶ እግሩ ጣቶች ይይዘዋል። ጫማ አድርጎ የሚሸምን የለም። ቤታችን የጭቃ ቤት፣ ወለሉም አፈር ስለነበር በክረምት ጉድጓዱ ውሃ ያዥ ይሆናል፤ ዘለቀ እግሩ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አፈር ላይ ነበር የሚውለው። እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ክር አጠነጥናለሁ፤ ምህረት ከኋላችን ደብተሯን ዘርግታ ትጽፋለች፤ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ዘፈን ታሰማናለች። ጸሎት ቤት ዘፈን አይፈቀድም ነበር። ዘለቀ ጎረቤት ሲመጣ ቀነስ ያደርጋታል፣ ሲሄድ ከፍ ያደርጋታል፤ እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ድሃ ነበርን፣ ደስተኛም ነበርን።

ከሸማው ሌላ ዘለቀ አንድ ሱስ ነበረው፤ ኤሌክትሪክ። ከአንድ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተምሮ የሰፈሩን ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ በነጻ የሚጠግን እሱ ነበር። ዕቃዎቹ በሙሉ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጥቁር ናስትሮ፣ ኮረንቲ ሲኖር ቦግ የምትል አንዲት ቴስተር። ሥራውን ሲጀምር ብታዩት ቀዶ ጥገና ሊሠራ ነው ትላላችሁ። በመጀመሪያ በረባሶውን ያደርጋል፤ ከመኪና ጎማ የተሠራውን፣ ለዚህ ሥራ ብቻ በሩ ጥግ ያስቀመጠውን። እጁን ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ጣት በጣት ያደርቃል። ሰዓቱን ያወልቃል። ቴስተሯን ኮረንቲ እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ላይ ይሞክራታል፤ «እሷም ትዋሻለች» ይል ነበር። ከዚያ ቆጣሪውን ያስወርዳል፣ ሊሠራ ባሰበው ሶኬት ሁለቱም ቀዳዳ ቴስተሯን ይከታል፣ ጭጭ ስትልለት ብቻ ካቻቢቴውን ያነሳል። የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፣ አዲስ ጫፍ ይልጣል፣ አጥብቆ ያስራል፤ የላላ ሽቦ ነው ቤት የሚያቃጥል ይላል። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «አንድ ሶኬት ለመክፈት የሠርግ ያህል ዝግጅት!» እለዋለሁ። «አስቱ፣ ኮረንቲ ማንንም አያፍርም» ይለኛል፤ ይስቃል፤ እጁን ያደርቃል።

በዚያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነበር። ሰኞ ለእኛ፣ ማክሰኞ ለማዶዎቹ፤ አንዳንዴ ሁለታችንም የለንም። ሰው ለምዶት ስለነበር ሰፈሩ አንድ ልማድ አወጣ፤ ሶኬት የሚጠገነው፣ ሽቦ የሚዘረጋው፣ አምፖል መያዣ የሚቀየረው መብራት ሲሄድ ሆነ። መብራት ሄደ ሲባል ወንዱ ሁሉ ካቻቢቴ ይዞ በርጩማ ላይ ይወጣል። ቆጣሪ የሚያወርድ የለም፤ ምኑን ለማውረድ? ዘለቀን የሚያስቆጣው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነበር። «መብራት ሄደ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም፤ ተኝቷል። ሲነሳ ማንንም አያስጠነቅቅም» እያለ ከበር በር ይለምናቸው ነበር። በጄ የሚለው ግን አልነበረም። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ከታች ከአስፋልቱ በኩል ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ ከግቢ ግቢ እየተቀባበለ ዳገቱን ይወጣና እኛ ጋ ይደርሳል። አዋቂውም አብሮ ይጮኻል። ከግቢያችን ደግሞ የእኔን ድምፅ የሚያህል አልነበረም።

ግቢያችን አራት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ያለው አከራያችን እትዬ በላይነሽ ሳሎን፣ ከበሩ ጀርባ ነበር። ለማውረድ እሳቸውን መለመን ግድ ነው፤ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ለአንድ አፍታ ያውርዱልን»። ያወርዳሉ፣ ግን እየተነጫነጩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ግቢ ሙሉ ተከራይ ያለበት ሰው የሚነጫነጨውን ያህል ነው የሚነጫነጩት። ያን ቀን ጠዋት ግን ተጣላን። ያጠብኩትን ጋቢ በእሳቸው ገመድ ላይ አስጥቼ ኖሮ ውሃው የቆዳ ጫማቸው ላይ ሲንጠባጠብ አደረ። «ገመዱም የእኔ፣ ግቢውም የእኔ፤ ጠይቆ መስቀል ምን ይከብዳል?» አሉኝ፣ ጎረቤት እየሰማ። እኔም አላነስኩም፤ «ጫማዎትን ሳሎንዎ አያስገቡትም ነበር?» አልኳቸው። በቃ፣ ይሄው ነው። የአንድ ጋቢ ውሃ።

ወሩ እንዲሁ ነሐሴ ነበር። የእንቁጣጣሽ ሥራ ተደራርቦ ዘለቀ ወገቡን ቀና የሚያደርግበት ጊዜ አልነበረውም። ክረምት ስለሆነ ቤቱ በቀንም ይጨልማል፤ ያለ አምፖል ጥለት አይታይም። አምፖሏና ሬዲዮዋ የሚሰኩበት ሶኬት ከጉድጓዱ ራስጌ ምሰሶው ላይ ነው። በዋዜማው እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ እሱ ላይ ሰክቼ ሽሮ ሠራሁበት፤ «አይችልም» እያለኝ። ሸተተ፣ ጠቆረ፣ አምፖሏም ጠፋች። በማግስቱ ፈረቃው የእኛ አልነበረም፤ መብራት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል ተብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ዘለቀ የብስኩት ቆርቆሮውን አወጣ።

«አስቱ፣ እትዬ በላይነሽን ቆጣሪውን ያውርዱልን በያቸው» አለኝ።

«መብራት የለም እኮ!»

«ይሁን፣ ይውረድ።»

ሄድኩ። መሄዴንስ ሄጃለሁ። መጋረጃው ገለጥ ብሎ እትዬ በላይነሽ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አየኋቸው። ዓይናቸውን ወደ ዳንቴሉ መለሱት። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። «እትዬ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ቃል ናት፤ በቀን አሥር ጊዜ የምላት። የጠዋቱ ስድብ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለኝ። መብራቱ እንደሆነ ማታ ነው የሚመጣው፣ እዚህ ቆሜ ልዋረድ እንዴ ብዬ ተመለስኩ።

ዘለቀ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩ ውስጥ ነው፣ በረባሶውን በእጁ ይዟል። ቴስተሯ እንደሆነች መብራት በሌለበት ምንም አትነግረውም፤ ያን ቀን የነበረው የእኔ ቃል ብቻ ነው።

«ቆጣሪው ወርዷል?» አለኝ።

«አዎ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ? ራሳቸው አወረዱት?»

«አዎ አልኩህ እኮ! ሰውየው፣ በቃ ሥራህን ሥራ።»

ሳቅ አለ። በረባሶውን መልሶ አጠገቡ አስቀመጠ። አላደረገውም፤ ቆጣሪው ከወረደ ምን ያደርግለታል? አመነኝ። በሕይወቱ ሙሉ ቴስተር የማያምን ሰው እኔን አመነኝ።

እኔ ክሩን ይዤ ደጅ ወጣሁ፤ ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። ምህረት ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አሥር ሰዓት አልሞላም። ከታች ከአስፋልቱ በኩል «መጣ!» የሚል ተሰማ። ከፍ አለ፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ደረሰ፤ ቦምቦሊኖ ሻጯ እልል አለች። እኔም ክሩን ጭኔ ላይ ጥዬ፣ እጄን አጨብጭቤ፣ እንደ ልማዴ ከሁሉም በላይ ጮኬ «መጣ!» አልኩ።

ከጮህኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ከቤት ውስጥ ሬዲዮዋ አልተናገረችም። ዘለቀም አልተናገረም።

ያየሁትን አልጽፈውም። ኮረንቲው እንደያዘው ነበር። ልይዘው ስሮጥ ከኋላዬ «እንዳትነኪው!» የሚል ጩኸት አቆመኝ፤ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ወዲያው ዞረው በባዶ እግራቸው እየሮጡ ሄደው ቆጣሪውን አወረዱት። እኔ አንዲት ቃል ሰስቼ ያልጠየቅኳቸውን፣ እሳቸው ሳልጠይቃቸው አደረጉት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሙ ብዙ አልቆየበትም። ዘለቀ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ያልጨረሰው ጥለት አረንጓዴ ነበር።

ለቅሶው ላይ የአጎቱ ልጆች፣ ሸማኔዎቹ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሁሉም አንድ ነገር ነበር የሚጠይቁት። «እንዴት? ያ ጠንቃቃ ሰው ቆጣሪ ሳያስወርድ?» ሁሉም ወደ እኔ ያያል። እትዬ በላይነሽም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ያን ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆሜ እንደነበር፣ ምንም ሳልል እንደሄድኩ ያውቃሉ። አንገቴን ደፍቼ፣ «መብራት የለም ብሎ… እንዲያው ቸኩሎ» አልኩ። ይህችን ነው ያልኳት። እትዬ በላይነሽ አንዴ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱት፣ ልክ እንደዚያን ቀን። ያወቁትን ለማንም ሳይናገሩ ከዓመታት በኋላ ሞቱ። የእኔ ቃል ግን ሰፈሩን ሁሉ ዞረ። ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ሁሉ «እንደ ዘለቀ እንዳትሆን» ይባል ጀመር። ከበር በር እየዞረ ሲለምናቸው የነበረው ሰው የግዴለሽ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የባሰው ምህረት ነበረች። አባቷ ሲሞት ስምንት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ከፍ ስትል ተቆጣች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት፣ እኔ በሰው ቤት ልብስ አጥቤ ስገባ እጄን አይታ፣ «እኛን ቢያስበን ኖሮ ትንሽ ይጠነቀቅ ነበር» አለች። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር፤ ከዚያም በኋላ ስንት ቀን ነበር፤ ስትመረቅ፣ ስታገባ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ «ስሙን በአባትሽ እንጥራው» ሲሏት «አይ፣ ይቅር» ስትል። ባሏ ዳዊት አንዴ የዘለቀን ፎቶ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አግኝቶ ሳሎን እንስቀለው ቢል፣ «እዚያው ይቀመጥ» አለችው። እኔ ምስር እለቅማለሁ። እኔ ሁልጊዜ አንድ የምለቅመው ነገር አላጣም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሽታው ሲመጣ ዳዊት ወጥ ቤት ገብቶ ፍሪጁ የተሰካበትን ሶኬት አየው፤ ግማሹ ቀልጧል። ዳዊት የታሪክ መምህር ነው፤ ደግ ልጅ ነው፤ ካቻቢቴ የሚይዘው እንደ ብዕር ነው። ገና እያገላበጠው ሳለ መብራቱ እልም አለ።

«እሰይ! በሰዓቱ ሄደልን» አለ ዳዊት። «በዚሁ ልቀይረው።»

ወለሉን ምህረት አሁን ወልውላው ገና አልደረቀም። ዳዊት ካልሲውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆሟል። ምህረት ከጓዳ ሆና እየሳቀች፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንደ አባቴ ግዴለሽ እንዳትሆን!» አለችው።

ተነሳሁ። ትሪው ከጭኔ ወድቆ ምስሩ ሳሎኑን ሞላው።

«ዳዊት፣ ካቻቢቴውን አስቀምጥ።»

«እማዬ፣ መብራት የለም እኮ፤ አያስቡ።»

የራሴው ቃል ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ሰማሁት። በረንዳ ወጥቼ፣ ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር በእጄ አወረድኩት። ተመልሼ ምህረት ፊት ቆምኩ።

«አባትሽ ግዴለሽ አልነበረም» አልኳት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ቆጣሪውን አስወርጂልኝ ብሎኝ ነበር። ሄጄ ሳልናገር ተመለስኩ። ከእትዬ በላይነሽ ጋር ተኮራርፌ ነበር። ወርዷል ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት።»

ፊቷን ሳየው ስምንት ዓመቷ ሆነች። «ጠይቆሽ ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር።»

«አዎ ብለሽው?»

«ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቴም አዎ አልኩት። ለቅሶው ላይም ቸኩሎ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዘችውም። «እኔ ሠላሳ ዓመት…» ብላ አልጨረሰችውም። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከዘለቀ በፊት ለእሷ ማለት ነውር መስሎኝ ዋጥኩት።

እንደዚያ ቆመን ሳለ ከማዶ ካሉት ፎቆች በኩል «መጣ!» የሚል የልጆች ጩኸት ተነሳ። ቀጥሎ የጎረቤታችን ልጆች ጮኹ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ለፈለፈ፣ ታች ያለው እንጨት ቤት መጋዙን አስነሳ፣ በመስኮት የማዶው መብራት ግድግዳችን ላይ አረፈ። የእኛ ቤት ብቻ ጨለማ ነው። ዳዊት በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ አየ፣ እርጥቡ ወለል ላይ የቆመበትን ባዶ እግሩን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ምህረት ዞራ ወደ መኝታ ክፍሌ ገባች። አልጋዬን ስታንቀሳቅስ ይሰማኛል። ስትመለስ የዘለቀን በረባሶ ይዛለች፤ ከአልጋዬ ሥር በላስቲክ ጠቅልዬ ያኖርኩትን፣ ስንት ጊዜ «ይሄን ቆሻሻ ለምን አትጥይውም?» ያለችኝን። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ባሏ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አድርገው» አለችው። «እጅህንም አድርቅ። ጣት በጣት።»

ጣት በጣት የሚለውን ከየት አመጣችው? ከኋላችን ደብተሯን ዘርግታ ስትጽፍ ታይ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ቁጣዋ ሥር አስቀምጣው ኖራለች።

እዚያ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። በረንዳ ወጥቼ ቆጣሪው ሥር ቆምኩ፣ እጄን ብሬከሩ ላይ አደረግኩ። ካፊያው ፊቴ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዳዊት ከወጥ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራኝ።

«እማዬ! ቆጣሪው ወርዷል?»

«አዎ» አልኩት። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። «አዎ፣ ወርዷል።»

በሩ ተከፈተና ምህረት ወጣች። ካፊያው ውስጥ ገብታ አጠገቤ ቆመች፣ እጄን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ አነሳችው፣ ከሥሩ ብሬከሩን ጎንበስ ብላ በዓይኗ አየችው። ከዚያ እጄን ወደነበረበት መልሳ አስቀመጠችው።

«ጀምር» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። «አይቼዋለሁ።»